ከዛላ እስከ ዱቄት፦ ምግባችን መንገድ ላይ የሚቀየረው የት ነው?

ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከእኛ በታች ባለው ወለል የሚኖሩ እናት ጎድጓዳ ሳህን ይዘው በራችንን አንኳኩ። ለዶሮ ወጡ ሊያነጥሩት የጣዱት ቅቤ ነው። ከላይ ቢጫ ዘይት ተንሳፏል፤ ከሥር ደግሞ እንደ አጥሚት የወፈረ ነጣ ያለ ነገር ተኝቷል። «መምህር፣ አንተ ኬሚስትሪ አይደል የምታስተምረው? እስቲ ይሄ ምን እንደሆነ ንገረኝ» አሉኝ። ሁለት ኪሎ ነበር የገዙት፤ ለዓመት በዓሉ ብለው ከወር አስቤዛቸው ቀንሰው። አሸተትኩት፣ በጣቶቼ መሃል አሸሁት፣ የቻልኩትን ያህል ገመትኩ። የሚበቃ መልስ ግን አልሰጠኋቸውም። እሳቸውን ያሳሰባቸው የባከነው ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ በበዓል ቀን ልጆቻቸውን ምን እንደሚያበሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን፣ የጠየቅሁትንና እቤቴ የሞከርኩትን እነሆ እጽፋለሁ።

«ባዕድ ነገር አለበት» ስንል ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ እንቋጥራለን። አንዱ «ተታለልኩ ወይ?» ነው፤ ሌላው «ይጎዳኛል ወይ?» ነው። አንዳንዴ ይገናኛሉ፣ ብዙ ጊዜ ግን አይገናኙም። በነጭ ጤፍ ዋጋ ሩዝ ወይም ማሽላ የተቀላቀለበት ዱቄት የገዛ ሰው ተታሏል፤ የበላው ግን ምግብ ነው። በተቃራኒው፣ ማንንም ለማታለል ያላሰበ ገበሬ እርጥበት በገባው ጎተራ ያስቀመጠው በቆሎ ሰው ሊገድል ይችላል። በኬንያ በ2004 እ.ኤ.አ. ሻጋታ ያፈራው መርዝ የነበረበት በቆሎ 317 ሰዎችን አሳምሞ 125ቱን ገድሏል። በዚያ በቆሎ ላይ ማንም ምንም አልቀላቀለበትም። ስለዚህ ዓይናችን የሚጠረጥረው ነገርና ሰውነታችንን የሚጎዳው ነገር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወተት ላይ ስንደርስ ዋና ጉዳያችን ይሆናል።

አሁን ማታለሉ የት እንደሚገባ እንይ። ዛላ በርበሬ ላይ የሸክላ ብናኝ መቀላቀል አይቻልም፤ የተፈጨ በርበሬ ላይ ይቻላል። የባቄላ ፍሬ መሃል ጀሶ መደበቅ አይቻልም፤ ዱቄት ውስጥ ይቻላል። ከነሰፈፉ ያለ ማር ላይ የስኳር ሽሮፕ መጨመር አስቸጋሪ ነው፤ ተጨምቆ በጀሪካን የተሞላው ላይ ቀላል ነው። ምግብ ተፈጭቶ፣ ቀልጦ ወይም ተበጥብጦ ቅርጹን ሲያጣ ዓይናችንም ምስክርነቱን ያጣል፤ አጭበርባሪውም የሚገባው እዚያ ላይ ነው። ከከተማው ዳር የምንኖር ሰዎች ዕድልም ችግርም አለብን። ዕድሉ፣ የወተቱ ላም፣ የጤፉ ማሳ፣ የገበሬው ገበያ ከመሃል ከተማው ሰው ይልቅ ለእኛ ቅርብ መሆኑ ነው። ችግሩ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ለትራንስፖርት ተሰልፋ ማታ 2 ሰዓት የምትመለስ እናት ዛላ ለመቀንጠስ ጊዜ የላትም። የተፈጨና የተጋገረ የምትገዛው ስለደከማት እንጂ ስለማታውቅ አይደለም። ስለዚህ «ሁሉን በእጃችሁ ሥሩ» የሚል ምክር ብቻውን ፍትሐዊ አይደለም። የሚሻለው፣ የትኛው ላይ ጊዜና ገንዘብ ማውጣት እንደሚያዋጣ ማወቅ ነው።

ቅቤ

ከሁሉም የሚበልጠው ፈተና ቅቤ ነው፤ ዋጋው ውድ፣ ቅርጹ ልል፣ ቀለሙ ደግሞ ከላሟ መኖና ከወቅቱ ጋር የሚለዋወጥ ነው። ቅቤ ውስጥ የሚጨመሩትን በሁለት እንክፈላቸው። የመጀመሪያዎቹ ከቅባት ጋር የማይዋሃዱ ናቸው፦ የተፈጨ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ዱቄት፣ ትርፍ ውሃ። ሁለተኛዎቹ ራሳቸው ቅባት የሆኑ ናቸው፦ የፓልም ዘይት፣ የአትክልት ቅቤ፣ ሞራ።

የመጀመሪያዎቹን እሳት ያጋልጣቸዋል። ቅቤ በቀስታ ሲነጠር ቅባቱ ከላይ ጠርቶ ይቀራል፤ ውሃው ይተናል፤ የአሬራው ቅሪት ከሥር በጥቂቱ ይዘቅጣል። ሙዝ ወይም ድንች ካለበት ግን ሥሩ ላይ ወፍራም ገንፎ መሰል ነገር ይከማቻል፣ ቶሎም ያርራል። የጎረቤቴ ሳህን ውስጥ የነበረው ይህ ነው። ድንች ወይም ዱቄት መሆኑን ለመለየት ከፋርማሲ የሚገዛ የቁስል አዮዲን አንድ ሁለት ጠብታ ከሥሩ ዝቃጭ ላይ ጠብ አድርጉ። ስታርች ካለ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይቀየራል። የሞከራችሁበትን ለሰውም ለድመትም አትስጡ፣ ድፉት። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ሙዝ ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ አዮዲኑ የበሰለ ሙዝን ላያሳይ ይችላል። ቀለሙ አልተቀየረም ማለት ቅቤው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ይበልጥ የሚጠቅመው ሚዛን ነው። ጥሩ ለጋ ቅቤም ቢሆን ውሃ አለው፤ በደንብ ታጥቦ የተጨመቀ አንድ ኪሎ ቅቤ ሲነጠር ወደ 800 ግራም ገደማ ንጥር ይወጣዋል። 600 ከወጣው፣ ባለቅቤዋ አስባም ይሁን ሳታስብ (አሬራውን ሳትጨምቀው ቀርታ ሊሆን ይችላል) ውሃ በቅቤ ዋጋ ሸጣላችኋለች። ስለዚህ ቅቤ ሲገዛ የሚነጻጸረው የጥሬው ዋጋ መሆን የለበትም። ለምሳሌ አንዱ በ1,000 ብር ተገዝቶ 650 ግራም ንጥር ቢወጣው፣ የንጥሩ ኪሎ 1,538 ብር ገደማ መጣ ማለት ነው። ሌላው በ1,200 ብር ተገዝቶ 820 ግራም ቢወጣው የንጥሩ ኪሎ ወደ 1,463 ብር ነው። «ውዱ» ረከሰ። ይህን ስሌት ከሠራሁ በኋላ እቤታችን ቅቤ የምንገዛበት መንገድ ተለውጧል።

ሁለተኛዎቹን፣ ቅባት በቅባት የተቀላቀለበትን፣ እሳትም አዮዲንም አያጋልጣቸውም። አብረው ይቀልጣሉ፣ አብረው ይጠራሉ። ሽታውም አይረዳም። የወተት ቅባት ቡቲሪክ አሲድ የሚባል ነገር በውስጡ ይዟል፤ በሳል ቅቤ ያንን የሚያውድ ሽታ የሚሰጠው ይኸው ነው። ፓልም ውስጥም ሞራ ውስጥም የለም። ላቦራቶሪ ቅቤን የሚለየውም የዚህንና የመሰሎቹን መጠን በመለካት ነው። አፍንጫችን ግን መጠን አይለካም፤ ጥቂት በሳል ቅቤ ጣል ከተደረገበት ሁሉም ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ብዙ ሰው «አሽትቼ አውቀዋለሁ» ሲል እሰማለሁ። በዚህ ጉዳይ አፍንጫችሁን ባታምኑት እመርጣለሁ። ከዓመት ዓመት የምታውቋት አንዲት ባለቅቤ ከማንኛውም የቤት ሙከራ ትበልጣለች፤ ምክንያቱም ነገ ልታጣችሁ አትፈልግም። የበዓል ዋዜማ ገበያ አደገኛ የሚሆነውም ሻጩ ዳግመኛ የማያየን ቀን ስለሆነ ነው። የጎረቤቴን ቅቤ የሸጠችው ሴት በማግስቱ እዚያ ቦታ አልነበረችም።

በርበሬና ወፍጮ ቤት

ለተፈጨ በርበሬ የሚሆን ቀላል ሙከራ አለ። በብርጭቆ ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ በቀስታ ነስንሱ። በርበሬ ቀላል ስለሆነ ብዙው ላዩ ላይ ይቆያል፣ ቀስ ብሎ ይርሳል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የሸክላ ብናኝና ቀይ አፈር ከባድ ስለሆኑ ቶሎ ወደ ሥር ይዘቅጣሉ። ውሃውን ደፍታችሁ የቀረውን ዝቃጭ በሁለት ጣት እሹት፤ አሸዋ አሸዋ ካለ መልሱን አገኛችሁ። ጥቂት አፈር ግን ከአውድማና ከመስጫ ሊመጣ ይችላል፤ የማይናቅ ዝቃጭ ሲሆን ነው የሚያሳስበው።

ቀለም ሌላ ጉዳይ ነው። በውሃ የሚሟሟ ቀለም ከተጨመረ በርበሬው ውሃውን ሲነካ ቀይ መስመር እየጎተተ ይወርዳል። ነገር ግን «ሱዳን» በሚል ስም የሚታወቁ የኢንዱስትሪ ቀለሞች (ስሙ ከጎረቤት አገር ምግብ ጋር አይገናኝም) በውሃ ሳይሆን በዘይት ነው የሚሟሙት። የተሠሩት ለጫማ ቀለምና ለሰም ለመሳሰሉት እንጂ ለምግብ አይደለም። በ2003 እና 2005 እ.ኤ.አ. መካከል አውሮፓ ውስጥ በቅመም ዱቄት ላይ ተገኝተው በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ምርቶች ከመደብር ተሰብስበዋል። ለእነዚህ የብርጭቆ ውሃ አይሠራም፤ ላቦራቶሪ ብቻ ነው።

እርድም እዚሁ ይነሳ። ባንግላዴሽ ውስጥ እርድን ቢጫው እንዲያበራ እርሳስ ያለበት የቀለም ዱቄት ይጨምሩበት ነበር። እርሳስ (ሊድ) ልጆች ላይ አእምሮን የሚጎዳ ብረት ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ከተመረመሩት የእርድ ናሙናዎች 47 በመቶው እርሳስ ነበረባቸው። መንግሥት ገበያ ላይ በመሣሪያ መመርመር፣ አጥፊዎችን በአደባባይ መቅጣትና ሕዝቡን ማስጠንቀቅ ጀመረ። በ2021 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ዜሮ ደረሰ። ይህን የማነሳው ተስፋ ስለሚሰጠኝ ነው። የሁለት ዓመት ሥራ ነው፤ የእኛም ገበያ ከዚያ የከበደ አይደለም።

ዛላ ገዝቶ ማስፈጨት ከሸክላውም ከቀለሙም ይገላግላል። ዛላው ግን የራሱ ጣጣ አለው። እንዳይሰባበርና ሚዛን እንዲደፋ ውሃ የሚረጩበት ነጋዴዎች አሉ፤ እርጥብ በርበሬ ደግሞ ሻጋታ ያወጣል። ስትገዙ አንዱን ዛላ እጠፉት። ደረቅ ከሆነ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ እርጥበት ካለው ጎብጦ ይመለሳል። ሁለት ሦስቱን ሆዳቸውን ክፈቱ፤ ውስጡ የጠቆረ ወይም ነጭ አመድ የመሰለ ነገር የነሰነሰበት ከሆነ ተዉት፤ ማጠብም ማመስም አያድነውም። ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ደግሞ ቆማችሁ አስፈጩ። ከእናንተ በፊት ምን እንደተፈጨ ጠይቁ፤ መጀመሪያ የወጣውን አንድ ሁለት እፍኝ ለብቻው ያዙት። በእኛ ብሎክ አራት ቤተሰቦች ሆነን ዛላውን በጋራ እንገዛለን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ እንቀነጥሳለን፣ አንዳችን ወፍጮ ቤት እንቆማለን። ለየብቻ የማይቻለው በአራት ተከፍሎ ይቻላል።

እንጀራ

ጀሶና ሰጋቱራ ተቀላቅሎበት የተያዘ እንጀራ ዜና ከሰማን ወዲህ ከመንገድ የሚገዛ እንጀራ ሁሉ ጥርጣሬ ላይ ወድቋል። «በጣም ከነጣ፣ ከከበደ፣ ቶሎ ከደረቀ ጀሶ ነው» ይባላል። እኔ በዚህ ምልክት ብቻ የሰው እንጀራ ላይ አልፈርድም። ሩዝ የበዛበትም ይነጣል፣ አብሲቱ ያልተስተካከለም ይደርቃል። በሐቀኝነት ሌሊት ተነስታ የምትጋግር ሴት በወሬ ገበያዋ እንዲዘጋ አልፈልግም።

ሳይንሱ ግን ግልጽ ነው። እህል ሲቃጠል ተቃጥሎ ያልቃል፤ ማዕድን አይቃጠልም። ላቦራቶሪው ዱቄቱን ምድጃ ውስጥ እስኪነጣ አቃጥሎ የቀረውን አመድ ይመዝናል። ከ100 ግራም የጤፍ ዱቄት የሚቀረው አመድ ከ2 እስከ 3 ግራም ገደማ ነው። አንድ አሥረኛው ጀሶ ቢሆን አመዱ ወደ 10 ግራም ያሻቅባል። መደበቂያ የለውም፣ ሙከራውም ውድ አይደለም። ለዚህ ነው ጀሶን መቆጣጠር የሚመለከተው አካል በቀላሉ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው የምለው። ለግንባታ የተመረተ ጀሶ ንጽሕናው ለሆድ አልተመረመረም፤ ምን ሌላ ነገር አብሮት እንዳለ ሻጩም አያውቅም።

መፍትሔው እንደ ቅቤው ነው፤ ጋጋሪዋን እወቁ። ጤፍ እየገዛችሁ ለሰፈራችሁ ጋጋሪ የጉልበት መክፈል ከቻላችሁ ዱቄቱ የእናንተ ነው። ይህ አሠራር በየኮንዶሚኒየሙ አለ፤ ሂሳቡም ብዙ ጊዜ ከሱቅ እንጀራ ብዙ አይርቅም።

ማር

ስለ ማር የሚባለው አብዛኛው እውነት አይደለም። «ክብሪት ነክረህ ጫር፣ ከበራ ንጹሕ ነው»፣ «ጉንዳን ካልቀረበው ንጹሕ ነው»፣ «ውሃ ውስጥ ካልተበተነ ንጹሕ ነው»። እነዚህ ቢበዛ የማሩን ውፍረት ወይም የውሃ መጠኑን ይናገራሉ፤ ወፍራም የስኳር ሽሮፕም ሁሉንም ያልፋል። ከሁሉ የከፋው «ከረጋ ስኳር ነው» የሚለው ነው። ማር ይረጋል፣ ፍሬ ፍሬ ይሠራል፤ ተፈጥሮው ነው። በእኛ ብርድ ደግሞ ፈጥኖ ይረጋል። ነጭ ማራችን ጥሩነቱን ሳያጣ የረጋ ነው። በዚህ ወሬ ምክንያት ስንት ንጹሕ ማር ወደ ባለቤቱ እንደተመለሰ ሳስብ ያሳዝነኛል።

ላቦራቶሪው እንዴት ይለያል? ሸንኮራ አገዳና በቆሎ ከፀሐይ ብርሃን ስኳር የሚሠሩበት መንገድ ንብ ከምትቀስማቸው አበቦች አብዛኞቹ ይለያል። ያ ልዩነት በስኳሩ ውስጥ ባለው ካርቦን ላይ አሻራ ይተዋል፤ ክብደቱ በጥቂቱ የሚለይ የካርቦን ዓይነት ይበዛል። አሻራው ሲነበብ ማሩ ውስጥ የአገዳ ስኳር መኖሩ ይታወቃል። ክብሪት ይህን አያነብም። እኛ ማድረግ የምንችለው በወቅቱ፣ ማር በሚቆረጥበት ጊዜ፣ ከነሰፈፉ ወይም ከንብ አናቢዎች መግዛት ነው።

ወተት

አሁን ወደ ዋናው። ጠዋት ከሰንዳፋ ወይም ከሱሉልታ አቅጣጫ የሚመጣውን ወተት ስንገዛ «ውሃ አለው?» ብለን እንጠይቃለን። ተገቢ ጥያቄ ነው። ላክቶሜትር የሚባለው ተንሳፋፊ መለኪያ ወተት ከውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል፤ ውሃ ከተጨመረ መለኪያው ጠለቅ ይላል። ይሁን እንጂ ክሬም ከወተት ይቀላል። አንድ ሰው ክሬሙን ገፎ ውሃ ቢጨምር አንዱ ሌላውን ያካክስና መለኪያው «ደህና» ይላል። ስኳር፣ ጨው ወይም ዱቄት ጨምሮ ክብደቱን መመለስም ይቻላል። አጭበርባሪ ምን እንደሚለካ ያውቃል። በ2008 እ.ኤ.አ. ቻይና ውስጥ የሆነው የዚህ አስከፊው ምሳሌ ነው። የወተቱን ፕሮቲን የሚለኩት ናይትሮጅን በመቁጠር ነበር፤ ውሃ የቀላቀሉት ሰዎች ናይትሮጅን የሞላበት ሜላሚን የተባለ የፕላስቲክ ግብዓት ጨመሩበት። መለኪያው አለፈ። ወደ 300,000 የሚጠጉ ሕፃናት ታመሙ፣ 6 ሞቱ።

እዚህ ከገዛነው ወተት ውስጥ ዱቄት መኖሩን አዮዲኑ ያሳየናል (ወተቱን አፍልታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ ሞክሩት)። ያልፈላ ወተት ከፍሪጅ ውጭ ሁለት ሦስት ቀን ሙሉ ሳይጎመዝዝ ከቆየ፣ ወይም እርጎ አልሆን ካለ፣ ጠይቁ። እንዳይበላሽ የተጨመረ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይም ላሟ መድኃኒት ተወግታ የመታቀቢያው ቀን ሳያልቅ ታልባ ይሆናል።

ከብሩሴሎሲስና ከከብት የሚተላለፍ ቲቢ የሚያድነን ማፍላት ነው። እኛ ከፍታ ላይ ስለሆንን ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ይህ የሚያሳስባቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። አይስጋችሁ፤ ፋብሪካዎች ወተት የሚያክሙት በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ነው። አንድ ጊዜ ገንፍሎ ከተነሳ በቂ ነው።

ማፍላት የማያጠፋው ግን አለ። አፍላቶክሲን ይባላል። እርጥበት ባገኘ እህል፣ ለውዝ፣ በርበሬና የቅባት እህል ቅሪት ላይ የሚያድግ ሻጋታ የሚያፈራው መርዝ ነው፤ ከጉበት ካንሰር ጋር ያለው ግንኙነት የተረጋገጠ ነው። ላሟ የሻገተ መኖ ስትበላ መርዙ ተለውጦ በወተቷ ይወጣል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ከሚመግበው የወተት አካባቢ 110 ናሙና መረመረ። በሁሉም ውስጥ ተገኘ። አውሮፓ ለወተት ከፈቀደችው ጣሪያ፣ በሊትር 0.05 ማይክሮግራም፣ በታች የነበሩት 9 ብቻ ናቸው። አሜሪካ ከምትፈቅደው አሥር እጥፍ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ 0.5፣ በላይ የነበሩት ደግሞ 29 ናቸው። ዋናው መግቢያው የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው፣ ለመኖ የሚውለው ቅሪት) ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ሁለቱ ጥያቄዎች ይለያያሉ። ባለላሟ አላታለለችንም። ፋጉሎውን የገዛችው ላሟ ወተት እንድትሰጥ ነው፤ እሷም ልጆቿን ከዚሁ ወተት ታጠጣለች። ወተቱ ውሃ የለውም፣ ይጣፍጣል፣ ይረጋል። ላክቶሜትሩን ያልፋል። እኛ ደግሞ ዓይናችን ሁሉ ውሃው ላይ ነው።

ወተት እንተው ማለቴ አይደለም። ወተት ውስጥ የሚገኘው ዓይነት በእህል ውስጥ ካለው ይልቅ ጉልበቱ የደከመ ነው፤ ሕፃናትን ወተት መከልከል የሚያመጣው ጉዳት ደግሞ ዛሬ የሚታይ ነው። ማድረግ የምንችለው ባለላሟን ማነጋገር ነው። ፋጉሎው የት ይቀመጣል? መሬት ላይ ነው ወይስ ርብራብ ላይ? ክረምት ላይ ይረጥባል? የሻገተውን ትጥለዋለች ወይስ ከፉርሽካ ጋር ታደባልቀዋለች? የእኛ ወተት አቅራቢ እነዚህን ስጠይቃት መጀመሪያ ደነገጠች፤ ቀጥሎ ጎተራዋን አሳየችኝ። በሚቀጥለው ክረምት ፋጉሎው ከመሬት ተነስቶ እንጨት ላይ ነበር። ይህን በላቦራቶሪ የለካው የለም፤ ግን ደረቅ መኖ ሻጋታ እንደማያበቅል የታወቀ ነው። ለውዝና በቆሎ ስትገዙም የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ የመረረውን ልቀሙና ጣሉት። ለልጅ አጥሚት የሚሆን እህል ላይ በተለይ አትሰስቱ።

ቅጠልና ሌላው

የትልቁና የትንሹ አቃቂ ወንዞች ከተማውን አቋርጠው የፋብሪካውንም የቤቱንም ፍሳሽ ይዘው ይወርዳሉ፤ በዳርቻቸው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል። በዚያ የሚበቅሉ ቅጠሎች ላይ እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም ያገኙ ጥናቶች ነበሩ። ማጠብና መቀቀል የሆድ ትላትልና ተቅማጥ አምጪውን ያስወግዳል፤ በሥር ተስቦ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ብረት ግን አያወጣም። ቅጠላ ቅጠል ብረቱን ከቲማቲም ይልቅ በብዛት ይይዛል። ባለጉልቷን «ጎመኑ ከየት ነው?» ማለት ነውር የለውም፤ ሁልጊዜም ከአንድ ቦታ ብቻ አትግዙ።

ዘይት ጠዋት ረግቶ ስላገኛችሁት አትደንግጡ፤ ፓልም በብርድ ይረጋል። ይልቅ ያለ ጽሑፍ በአሮጌ ጀሪካን እየተቀዳ የሚሸጠውን ፍሩ፤ ጀሪካኑ ቀድሞ ምን እንደያዘ አይታወቅም። ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፣ ከተከፈተ በኋላም ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ።

የታሸገ ስትገዙ የአምራቹን ስምና አድራሻ፣ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ የምርት መለያ ቁጥሩን ፈልጉ። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በየጊዜው «እንዳትጠቀሙ» ብሎ ከሚዘረዝራቸው ዘይት፣ ጨው፣ ማርና የለውዝ ቅቤ ብዙዎቹ የሚወድቁት በዚህ ነው፤ አድራሻ የላቸውም። አድራሻ የሌለው ሰው ሲያጠፋ ማን ይጠየቃል?

አቤቱታ ወዴት?

ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርን የሚመለከት ሲሆን፣ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ መብታችንን ይዘረዝራል። ባጭሩ ሲከፋፈል ፋብሪካና ከውጭ የሚገባ ምርት የፌዴራሉ ባለሥልጣን፣ ሱቅ፣ ምግብ ቤትና የአካባቢ ገበያ የከተማው ወይም የክልሉ አካል ይመለከተዋል። ከከተማው ዳር ለምንኖር ችግሩ ድንበሩ ነው። ቤትህ አዲስ አበባ ሆኖ ቅቤውን የገዛህበት ገበያ ለገጣፎ ከሆነ፣ ያ ቦታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ነው፤ አቤቱታውም ወደዚያ ነው የሚሄደው። ሰው ወዲህና ወዲያ ተመላልሶ ሲታክተው ይተወዋል። እኔም አንድ ጊዜ አንድ ቢሮ ሄጄ «የእኛ ክልል አይደለም» ተብዬ ተመልሻለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ በባለሥልጣኑ ነፃ መስመር 8482 ደውሉና የት እንደምትሄዱ ጠይቁ።

ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ያልተነካ ናሙና በንጹሕ ዕቃ ከድናችሁ፣ የተገዛበትን ቦታና ቀን ጽፋችሁ፣ ማሸጊያና ደረሰኝ ካለ ይዛችሁ ሂዱ። ሁሉንም አትስጡ፤ ግማሹን አስቀሩ። ናሙናውን ቤት ውስጥ አንጥራችሁ ወይም አዮዲን ጨምራችሁ ከወሰዳችሁ ለማስረጃ አይሆንም። የጎረቤቴን ቅቤ ያጣነው በዚህ ነው፤ ሁለቱም ኪሎ ቀልጦ ነበር።

ለእንቁጣጣሽ እኚያ እናት ሌላ ገበያ ሄዱ። መጀመሪያ ሩብ ኪሎ ብቻ ገዝተው ተመለሱ፣ በእኛ የወጥ ቤት ሚዛን መዝነው አነጠሩት። 205 ግራም ወጣው፤ ሥሩ ላይ የቀረው በጣት የሚጠረግ ነበር። ከሰዓት በኋላ ተመልሰው ሄደው ባለቅቤዋን «የት ነው ቤትሽ፣ ልጄ? ለጥምቀትም አንቺ ጋ ነው የምመጣው» ብለው የቀረውን ገዙ።